አሥር ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

ስለ ዱባይ እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «ዱባይን የማያውቅ ማን አለና?» የሚል ነበር። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ አንዳንዶቻችሁ ሸቀጥ አምጥታችሁባታል። ሌሎቻችሁ እህት ወይም ልጅ ልካችሁባታል። ቀሪዎቻችንም ብንሆን ስልካችን ወይም የሳሎናችን መጋረጃ በእሷ በኩል መጥቷል። ለማየት ብቻ፣ ለሽርሽር የሄዳችሁ ግን እጃችሁን አውጡ ብል ስንት እጅ እንደሚወጣ እጠራጠራለሁ። የዛሬው ዲስኩር እጅ ላላወጡት ነው። ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የሰዓቱ ነገር ግን ራሱን የቻለ ጣጣ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

የአክስቴ ልጅ ከዱባይ አጠገብ ባለችው ሻርጃ ውስጥ በሰው ቤት ትሠራለች። የሀገሩ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ይሰጣታል፤ የእሷ ቀን እሑድ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ «እሑድ አሥር ሰዓት፣ ዩኒየን ሜትሮ ጣቢያ» ብላ ቀጠረችኝ። ዩኒየን ዱባይ ውስጥ፣ ደይራ በሚባለው ሰፈር፣ ቀዩና አረንጓዴው የባቡር መስመር የሚገናኙበት ጣቢያ ነው። እኔ ቀጠሮውን በሐበሻ ጆሮ ሰማሁት። እሑድ ጠዋት እስኪበቃኝ ተኛሁ፣ ሸሚዜን ተኮስኩ፣ አውቶቡስ ተሳፈርኩ፣ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲል ደረስኩ። እሷ መግቢያው አጠገብ ቁጭ ብላለች። ስድስት ሰዓት ያህል ጠብቃኛለች። አምስት ዓመት ስትኖር የሀገሩ አቆጣጠር ከአንደበቷ ገብቶ፣ አሥር ማለት ለእሷ ረፋድ አራት ሰዓት ሆኗል። መልእክት ልካልኝ ነበር። እኔ ግን የአካባቢውን ሲም ካርድ አልገዛሁም፤ የሆቴሉን የዋይፋይ ቁጥርም «ነገ እጠይቃለሁ» ብዬ አሳድሬዋለሁ። አልተቆጣችኝም። «ምሳ በልተሃል?» ነው ያለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ እዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ 3 ነው፤ እነሱ ደግሞ 9 ይሉታል። የእጅ ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ወደፊት ግፉ፤ ከዚያም እዚያ ከሚኖር ሐበሻ ጋር ስትቀጣጠሩ «በእኛ ነው በእነሱ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲም ካርድ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ግዙ። ዋትሳፕ በዚያ ሀገር ጽሑፍና ፎቶ ያሳልፋል፤ የድምፅ ጥሪው ግን ዝግ ነው። እዚያ ያሉ ልጆቻችን የሚደውሉት በቦቲም ነው። እናቶች፣ ልጃችሁ ለምን ዋትሳፕ እንደማታነሳ ሲገርማችሁ ከኖረ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጥፋቴ ማደሪያ ነበር። አጅማን ነው ያደርኩት። ለምን አትሉኝም? ርካሽ ስለነበረ። ካርታ ላይ ስታዩት ዱባይ፣ ሻርጃና አጅማን በባሕሩ ዳር እንደ ሦስት ወንድማማቾች ተደርድረዋል፤ ሕንፃ ከሕንፃ ስለተያያዘ ድንበሩ የት እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። ከአጅማን ደይራ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ግድም ቢሆን ነው። መንገዱ ባዶ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ችግሩ ባዶ የሚሆነው መንገደኛው ሁሉ በተኛበት ሰዓት መሆኑ ነው። ሻርጃና አጅማን ቤት ኪራይ ስለሚረክስ፣ ዱባይ የሚሠራ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው እዚያ ያድራል። ጠዋት ሁሉም ወደ ዱባይ፣ ማታ ሁሉም ወደ ሻርጃ ነው። አል ኢትሐድ የሚባለው ጎዳና በእነዚያ ሰዓቶች የፒያሳን የበዓል ዋዜማ ያስንቃል። ሜትሮው ደግሞ ከዱባይ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2009 መስከረም 9 ቀን ሥራ የጀመረው ቀይ መስመርም ሆነ በኋላ የመጣው አረንጓዴው ሻርጃ አይደርሱም። አሁን እየተሠራ ያለው ሰማያዊ መስመርም እዚያው ዱባይ ውስጥ ነው።

ታክሲ ብትሉ፣ ከዱባይ ወደ ሻርጃ ስትሻገሩ ቆጣሪው ላይ ሃያ ድርሃም ይደመራል። የመንገድ መተላለፊያ ክፍያም አለ። ከአጅማን ክፍል ያተረፍኩትን ገንዘብ በአራት ቀን ውስጥ ለታክሲና ለመንገድ መልሼ ከፈልኩት፤ የጠፋውን ሰዓት የሚመልስልኝ ግን አላገኘሁም። ለጥቂት ቀን የምትሄዱ ከሆነ ደይራ እደሩ፤ አል ሪጋ፣ ዩኒየን ወይም ባንያስ አካባቢ፣ ሜትሮ በእግር የሚደረስበት ቦታ። ሆቴሎቹ አሮጌ ናቸው፤ ሊፍታቸው ያስነጥሳል። ግን በር ላይ ወጥታችሁ እንጀራ ታገኛላችሁ። ምልክት ሰሌዳው ላይ የእኛ ፊደል ተጽፎ ስታዩ አንጀታችሁ ይርሳል። የክፍሉ ዋጋ ላይ በየአዳሩ የቱሪዝም ድርሃም የሚሉት ክፍያ እንደሚጨመር፣ ካርድ የሌለውን ሰውም በጥሬ ገንዘብ ማስያዣ እንደሚጠይቁ አስቀድማችሁ እወቁ። ማስያዣው ስትወጡ ይመለሳል፤ ደረሰኙን አትጣሉ።

«ቤድ ስፔስ አለ» የሚላችሁ ዘመድ ይኖራል። ማለትም አንድ ክፍል በፕላስቲክ ወይም በመጋረጃ ተከፋፍሎ አልጋ አልጋው የሚከራይበት። ሠርቶ ለሚያድር ሰው ሌላ ምርጫ ላይኖረው ይችላል፤ አልፈርድም። ነገር ግን የዱባይ ማዘጋጃ ቤት በ2025 በእነዚህ ክፍልፋዮች ላይ ዘመቻ ከፍቷል፤ አል ሪጋም ከተፈተሹት ሰፈሮች አንዱ ነበር። በእንግድነት ሄዳችሁ የዘመዳችሁን ማደሪያ መዘዝ ውስጥ አትክተቱ።

አሁን ስለ ድንበሩ ልናገር፤ የማይታየው ድንበር ስላልኩት። ሦስቱም ከሰባቱ ኤምሬቶች ናቸው፤ ኤምሬቶቹ በ1971 ታኅሣሥ ወር ነው አንድ ሀገር የሆኑት፤ ሰባተኛዋ በማግሥቱ ዓመት ተጨመረች። እያንዳንዱ ግን የራሱ ገዥና የራሱ ደንብ አለው። ሻርጃ ከ1985 ጀምሮ መጠጥ ጨርሶ የተከለከለባት ናት፤ ሆቴልም ቢሆን፣ የውጭ ሰውም ቢሆን። ዱባይና አጅማን ፈቃድ ባለው ቤት ይጠጣል። እንግዲህ ካርታውን አስቡት፤ ሻርጃ በመካከል ነች። ከዱባይ ጠርሙስ ይዞ ወደ አጅማን የሚነዳ ሰው የግድ የሻርጃን መሬት ይረግጣል። መሐል መንገድ ላይ ፖሊስ ቢያስቆመው «እኔ ወደ አጅማን ነኝ» ማለት አያዋጣም። የአለባበስ ደንብም ሻርጃ ላይ ጠበቅ ይላል፤ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። የሳምንቱ እረፍትም ይለያያል። ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ ዱባይና አጅማን ቅዳሜና እሑድ ያርፋሉ፣ ዓርብን እስከ እኩለ ቀን ይሠራሉ። ሻርጃ ዓርብን ጨምራ ሦስት ቀን ታርፋለች። ሻርጃ ከሆናችሁ ዓርብ ጠዋት የትም አትውጡ፤ እንቅልፋችሁን ጨርሱ።

ቪዛውን ቶሎ ልለፈው። የቱሪስት ቪዛ በአየር መንገድ፣ በሆቴል ወይም በጉዞ ወኪል በኩል ይወጣል፤ የ30 ወይም የ60 ቀን ነው። ካለፈባችሁ በቀን 50 ድርሃም ይቆጠራል። «ቪዚት ግባና እዚያ ሥራ ይገኛል» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ከጆሯችሁ አውጡት። በ2024 የወጣው ሕግ ፈቃድ የሌለውን ሰው በሚያሠራ ቀጣሪ ላይ ከአንድ መቶ ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ድርሃም ይቀጣል። ይህን የሚያውቅ ቀጣሪ ወይ አይቀጥራችሁም፤ ወይ ደግሞ ሕገ ወጥነታችሁን ተማምኖ ደመወዛችሁን ይበላል።

ሻንጣ ላይ ግን እቆያለሁ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተጎድቷል። ጫት በዚያ ሀገር አደንዛዥ ዕፅ ነው። «ትንሽ ናት፣ ለራሴ ናት» የሚል ክርክር የለም፤ አንድ ዙርባ እስር ቤት ያስገባል። መድኃኒት የምትወስዱ ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው ክኒኖች ቁጥጥር ስላለባቸው አስቀድሞ በኢንተርኔት ፈቃድ ይጠየቅባቸዋል፤ ለሌላውም መድኃኒት የሐኪም ማዘዣችሁን ያዙ። ከሁሉ በላይ ግን የሰው ዕቃ ነው። ቦሌ ደጃፍ ላይ «ለልጄ በርበሬና ሽሮ አድርሽልኝ» የሚሉ እናት አይጠፉም፤ እንቢ ማለትም ይከብዳል። እኔ የምለው፦ ፈትታችሁ፣ ዘርግፋችሁ፣ እጃችሁን አስገብታችሁ ያላያችሁትን ዕቃ አትያዙ። ሰውየው ቅር ቢለው ይበለው። ሌላው ትንሽ ነገር የሶኬት ጉዳይ ነው፤ የእነሱ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው። መቀየሪያውን መርካቶ ግዙ፤ የሆቴል ሱቅ ውስጥ ዋጋው ያስለቅሳል።

ወሩን ደግሞ ምረጡ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው አየር ለእኛ ሰው ይስማማል። ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቱ አርባን ያልፋል፤ ባሕሩም እርጥበት ይጨምርበታል። መንግሥት ራሱ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 ድረስ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት — ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምናገረው — ውጭ ማሠራትን ይከለክላል። ግንበኛውን ያሳረፈ ፀሐይ ለቱሪስት አይራራም። ረመዳን ከገጠማችሁ ጾመኛ ፊት መብላትና መጠጣት ነውር ነው፤ ሻርጃ ላይ ደግሞ ከነውርም ያልፋል። የማታው ገበያ ግን በሌላ በየትኛውም ወር አይገኝም።

ገንዘብ። ብር እዚያ አይዘረዘርላችሁም፤ ዶላር ያዙ። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.67 ግድም ታስሮ ስለሚኖር የምንዛሪ ወሬ ማሳደድ አያስፈልግም። መቶ ዶላር ሰጥታችሁ ከ360 በታች ካቀረቡላችሁ ወደሚቀጥለው በር እለፉ። ወርቅ ለመግዛት ደይራ ወርቅ ገበያ የምትገቡ ደግሞ ይህን ያዙ፦ የግራሙ ዋጋ የዕለቱ ነው፣ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ በእሱ አትከራከሩ። ክርክሩ የእጅ ዋጋው ላይ ነው። ሻጩ ሒሳቡን አንድ ላይ ጠቅልሎ ሲነግራችሁ «የግራሙን ለብቻ፣ የእጁን ለብቻ ጻፍልኝ» በሉት። አንገቱን ያክካል፤ ይጽፋል። ቱሪስት ስለሆናችሁ በተመዘገበ ሱቅ ከ250 ድርሃም በላይ ከገዛችሁ፣ ከ5 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ አብዛኛውን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ማስመለስ ትችላላችሁ። ፓስፖርታችሁን ገና ስትከፍሉ አሳዩ፤ ሻንጣችሁን ከማስረከባችሁ በፊትም ወደ ማስመለሻው ማሽን ሂዱ። እኔ ሻንጣዬን ካስረከብኩ በኋላ ነው ያስታወስኩት። ይህንንም ከጥፋቴ ቁጠሩልኝ።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ቅጣት አለ፤ የእኛን ልማድ ነቅሶ የሚያውቅ ቅጣት። ዜብራ በሌለበት መንገድ ማቋረጥ 400 ድርሃም። ሜትሮ ውስጥ መብላት፣ መጠጣት፣ ማስቲካ ማኘክ እንኳ 100 ድርሃም። የሴቶችና የሕፃናት ፉርጎ ውስጥ ገብቶ የተገኘ ወንድም እንዲሁ። ወለሉ ላይ ሮዝ መስመር አለ፤ አስተውሉ። ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት፣ በተለይ ሴቶችንና ቤተሰብን፣ በሕግ ያስጠይቃል። በስልክ መልእክት መሳደብም ያስከስሳል፤ በአማርኛም ቢሆን። አስተናጋጅ ለመጥራት ማጨብጨብ ግን ቅጣት የለውም፤ ዝም ብሎ ያሳፍራል። የድንገተኛ ፖሊስ ቁጥር 999፣ አምቡላንስ 998 ነው።

«ታዲያ ምን እንይ?» ትሉኛላችሁ። ቡርጅ ኸሊፋን ታያላችሁ፤ 828 ሜትር ነው፣ ባትፈልጉም ይታያችኋል። መውጣት ከፈለጋችሁ ትኬቱን ቀደም ብላችሁ በኢንተርኔት ቁረጡ፤ ፀሐይ መጥለቂያ ላይ ዋጋው ይንራል። ከታች ሆኖ ማየት በነፃ ነው፤ ከሜትሮ ጣቢያው እስከ ዱባይ ሞል ባለው የተሸፈነ ድልድይ ላይ ብቻ ስምንት መቶ ሜትር ግድም ትራመዳላችሁና ምቹ ጫማ አድርጉ። እኔ ግን አንድ ቀን ብቻ ቢኖረኝ ለሕንፃው አልሰጠውም። ለወንዙ እሰጠዋለሁ። ወንዝ እንበለው እንጂ ወደ መሬት የገባ የባሕር ምላስ ነው፤ ደይራን ከቡር ዱባይ የሚለይ። ነዳጅ በ1966 ከመገኘቱ በፊት ከተማዋ የኖረችው በዚህ ውሃ ነው፤ በዕንቁና በንግድ። ዛሬም የእንጨት መርከቦች ዳሩ ላይ ተደርድረው ማቀዝቀዣና የመኪና ጎማ ሲጭኑ ታያላችሁ።

ቡር ዱባይ በኩል አል ፋሂዲ የሚባል አሮጌ ሰፈር አለ። ጣሪያው ላይ ነፋስ የሚይዙ ማማዎች ያሏቸው ቤቶች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ መተላለፊያዎች ናቸው። እዚያ ውስጥ የቡና ሙዚየም አለ። የእኛ ጀበናና የቡና አፈላል ሥርዓታችን ከዓረቡ ቡና ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ አየሁ። ጀበናችንን መስታወት ውስጥ ሳየው ምን እንደተሰማኝ በደንብ አላውቀውም። ኩራት ነው ለማለት ይቀናኛል፤ ግን ደግሞ ጎረቤቴ የእናቴን ፎቶ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎ እንዳየሁ ያህል ነበር።

ሻርጃን አትናቁ። ዩኔስኮ በ1998 የዓረቡ ዓለም የባህል ከተማ፣ በ2019 ደግሞ የዓለም የመጽሐፍ ከተማ ያላት ናት። ኅዳር ላይ ከሄዳችሁ ከ1982 ጀምሮ የሚካሄደው የመጽሐፍ ዐውደ ርዕይ ይገጥማችኋል። የእስልምና ሥልጣኔ ሙዚየሙ የድሮ ገበያ አዳራሽ ነበር፤ ከጉልላቱ ሥር ቆማችሁ አንገታችሁን ቀና ብታደርጉ የከዋክብቱን ክበብ በሞዛይክ ታያላችሁ። አል መሐታ ሙዚየም ደግሞ በ1932 አውሮፕላን ማረፊያ ሆኖ የተከፈተ ነው፤ ያኔ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ወደ ሕንድ ሲሄዱ የሚያድሩበት። ማኮብኮቢያው ዛሬ የመኪና መንገድ ሆኗል፤ ለዚያ ነው ከተማ መሐል ያለ ጎዳና እንደዚያ ቀጥ ያለው። ሮላ የሚባለው ሰፈርም አለ፤ ሠራተኛው ሁሉ በእረፍት ቀኑ የሚገናኝበት። ስሙን ያገኘው እዚያ ከነበረ ትልቅ ዛፍ ነው፤ የእኛ ዋርካ ዘመድ የሆነ። ዛፉ ወድቋል፤ ሰው ግን ዛሬም ጥላው እንዳለ ሁሉ እዚያው ይሰበሰባል። ለመድረስ ከዩኒየን ኢ303 የሚባለውን አውቶቡስ ያዙ፤ ኖል የሚባለውን የጉዞ ካርዳችሁን አስቀድማችሁ ሙሉ።

አጅማን ከሰባቱ ትንሿ ናት፤ ስፋቷ 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም። ለማደር ብዬ ነው የተቆጨሁባት እንጂ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ደስ ትላለች። ምሽጉ ውስጥ ያለውን ሙዚየም ካያችሁ በኋላ ባሕር ዳሩ ላይ ቁጭ ብላችሁ ፀሐይዋን ሸኙ።

ልጃችሁን ወይም እህታችሁን ልታዩ ለምትሄዱ የተለየ ቃል አለኝ። ሳትናገሩ አሠሪዎቿ በር ላይ አትቁሙ። አስቀድማ እሷ ማዳሟን ታስፈቅድ። ከተጋበዛችሁም ቤቱን ፎቶ አታንሱ፤ ነገ ስትሄዱ የምትጠየቀው እሷ ናት። ከሁሉም በላይ በእረፍት ቀኗ ገበያ አታዙሯት። አንድ አባት ልጃቸውን ሙሉ ቀን ናይፍና ሙርሺድ ገበያ ውስጥ ሸክም ሲያሸክሟት አይቻለሁ፤ ለጎረቤት ብርድ ልብስ ሲመርጡ። ልጅቷ በሳምንቱ ስድስት ቀን ቆማ የምትውል ናት።

እኔም ብሆን ከዚያ አልተሻልኩም። ያን እሑድ ስንገናኝ የቀረን ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ቤት መግባት አለባት፤ የሻርጃ መንገድ ደግሞ በምሽት እንዴት እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። ያሰብነው ሁሉ ቀረ። «ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?» ስላት «ጀልባዋን» አለች። አምስት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ለመላክ ደይራ ስትመጣ ጀልባዎቹን ከዳር ቆማ አይታለች፤ ተሳፍራ አታውቅም። በአረንጓዴው መስመር አል ራስ ወርደን፣ በቅመም ገበያው ውስጥ አልፈን ዳሩ ደረስን። አብራ ይሏታል፤ ጣራ ብቻ ያላት የእንጨት ጀልባ ናት፤ ሰው ጀርባ ለጀርባ ተቀምጦ ይሻገርባታል። ዋጋዋ አንድ ድርሃም ነው፤ መሐል ውሃው ላይ ለጀልባ ነጂው በእጅ ይሰጣል። ተሻገርን። እዚያ ማዶ ስንደርስ አልወረደችም። «እንመለስ?» አለችኝ። ተመለስን፣ እንደገና ተሻገርን። አራት ጊዜ። በአራተኛው ላይ ጀልባ ነጂው ሳንቲማችንን አልቀበልም አለ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ሻይም ደርሷል መሰለኝ። ከዚያ ጉዞ የተረፉኝ አምስት የአንድ ድርሃም ሳንቲሞች እዚህ ኪሴ ውስጥ አሉ። ቪዛው በእጁ የገባ ካለ ይምጣና ይውሰዳቸው፤ ለሁለት ሰው ደርሶ መልስ ይበቃሉ፤ አንዷ ትተርፋለች።